የሙጫው ጆሮ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ ኖርኩ፤
ሌሎች ያዩበትን በጨርቅ እያደረቅኩ።
ጭጋግ ከቲሳ ወንዝ ተነሥቶ ሲመጣ፣
የቋሊማ ፋብሪካው ሽታ ቀድሞት ሲወጣ፣
የሰጌድ መብራቶች ባንድ ባንድ ሲጠፉ፣
ትራሞቹ ባዶ ወንበር ጭነው ሲያልፉ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከአጉሊ መነጽሩ፣
ከአይጥ አንጎል ወጥተው በሳህን ከሚኖሩ
ሕዋሳት ጋር።

መጽሐፉ ሲጻፍ ነርቭ ነው ጀግናው፤
እሱ ነው ተናጋሪ፣ የእሱ ነው ዝናው።
ሌላውማ ሕዋስ፣ ቁጥሩ የማያንሰው፣
«ሙጫ» ብሎ ጠራው ስም ሲያወጣለት ሰው።
ነርቭን የሚደግፍ፣ ጥጋጥግ የሚሞላ፣
እንደ ግድግዳ ጭቃ፣ እንደ ምሰሶ ባላ፤
ይመግብ፣ ይጥረግ እንጂ አይሰማም ተባለ።
ብርጭቆ አጣቢንስ ማን «ምን ትያለሽ?» አለ?

ያን ሌሊት ታርኖይን ትኩሳት ያዘውና
«ኤመሼ፣ አንቺ ጨርሺው» ብሎኝ ሄደ፣ ገና
ኮቱን ሳይቆልፍ።

ቀለም የጠጡትን፣ ኮከብ መሳዮች
አየሁ በጥቁር ሜዳ፣ ዝም ያሉ ታዛቢዎች።
አንዲት ጠብታ ግሉታሜት ጣልኩ፤
ትንፋሼን ይዤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

አንዱ በራ።

ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት፣
እንደ መስኮት ብርሃን ከቤት ወደ ቤት፣
እሳት የተነሣ ሌሊት ሰፈር እንደሚነቃ፤
የካልሲየም ጎርፍ ሄደ፣ ጠርዝ ደረሰ፣ አበቃ።

በሳህኑ ነርቭ የለም፤ ጠርገን አውጥተናል፤
ታዲያ ይህን ማን ሰማ? ማንስ መልስ ሰጥቷል?
«ግድግዳም ጆሮ አለው» ይባላል ለሐሜት፤
እኔ ግን አየሁት፣ በዓይኔ፣ ያን ሌሊት።
ተቀባይ ነው ስሙ፣ በቆዳቸው ላይ የበቀለ፤
አውጪ ምን ያዜማል ተቀባዩ ከሌለ?

ሲነጋ ወደ ቤት። ቪልሞሽ አልጋው ላይ ነው።
ጥቅምት ነበር፣ አንዲት ደም የረጋችው፣
ቃሉን ሁሉ ካፉ ጠርጋ የወሰደችው።
ሐኪሟ ነግራኛለች፦ «ያው ግሉታሜት ነው፤
ሲለካ ቃል ነበር፣ ሲፈስ ነው የፈጀው።
የነርቩን ገመድ በነጭ ስብ ጠቅላዮች፣
እነሱም ጆሮ አላቸው፣ እነሱም ሰሚዎች፤
ጩኸት የበዛ ለት በሰሙት ይሞታሉ።»
«ነገር ሲበዛ ባህያ አይጫንም» ይላሉ፤
እዚህ ግን ተጫነ።

ቪልሞሽ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ድስቱ የተወራለት፣
በርበሬው ደም የመሰለ፣ ጣት የሚቆረጠምለት።
የዚያም መረቅ ጣዕም ግሉታሜት ነው ያው፣
ከዓሣው አጥንት፣ ከቲማቲሙ የወጣው።
ምላስ ላይ ይቀራል፤ ወደ አንጎል አይሻገር፤
እኔም አልተመኘሁም በማንኪያ ተአምር።

ሾርባውን አሞቅኩለት። ሌሊቱን ነገርኩት፦
እንዴት እንደበሩ፣ ሳህኑን እንዴት እንደያዝኩት፣
እጄ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆ እንደሰበርኩ፣
በሠላሳ ዓመት አንዱን፣ እንኳን ሰበርኩ።
ዓይኑ ግድግዳው ላይ። ምልክት አልነበረ፤
ማንኪያው ከንፈሩ ደጅ ጥቂት ቆሞ ቀረ።

(ታርኖይ ሲድን ጽፎ ለመጽሔት ላከው፤
ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ምስጋናዬን አከለው፤
ስሜን በአንድ ፊደል ስቶ።)

በሦስተኛው ማንኪያ ፊቱን አጨማደደ፤
አፉ ቃል ፍለጋ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤
«ጨው» አለ።

ጨው። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ቃል።
ድስት በኔ እጅ ሲሆን ሁሌም ጨው ያንሰዋል፣
ሁሌም ይኸው ነው ስሞታው፤
ዘልዬ ተነሣሁ፤ ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣
በገዛ ወጥ ቤቴ የጨዉ ቦታ ጠፋኝ።